የየት አገር ንጉሥ ልጅ?

(የመግቢያ ዜማ፤ ክራር ለብቻው። ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ተናጋሪው ይገባል።)

የዛሬውን ወጋችንን ከእንሴኖ ገበያ እንጀምራለን።

በእንሴኖ የገበያ ቀን፣ የማረቆ በርበሬ በየጆንያው ተከምሮ አላፊ አግዳሚውን በሚያስነጥስበት ሰዓት፣ ከበርበሬው ተራ ፈንጠር ብሎ አንድ ሥዕል ሻጭ ላስቲኩን መሬት ላይ ዘርግቶ፣ ነፋስ እንዳይወስድበት አራቱን ማዕዘን በድንጋይ ተጭኖ፣ የወረቀት ሥዕሎቹን ደርድሮ አየሁት። መካ አለ፤ ኳስ ተጫዋች አለ፤ ፏፏቴ አለ፤ በመካከላቸውም ቅዱስ ጊዮርጊስ በአምባላይ ፈረሱ ላይ ተቀምጦ ደራጎኑን በጦር ይወጋል።

ዕድሜው ዐሥር ቢሆን ነው፣ አንድ ልጅ ትንሽ የበርበሬ ከረጢት በጀርባው እንዳዘለ ቆሞ ሥዕሉን ሲመለከት ቆየና፣ «ያቺ ዛፍ ላይ ያለችው የማን ልጅ ናት?» ብሎ ጠየቀ። ሻጩም «የንጉሥ ልጅ ናት» አለው። ልጁ አልጠገበም፤ «የየት አገር ንጉሥ?» አለ። ሻጩ ቀና ብሎ አየውና፣ «አንተ ልጅ፣ ትገዛለህ ወይስ ትመረምራለህ?» አለው።

እኔም ሳቅሁ፤ ነገር ግን ጥያቄው እስከ ቤቴ ተከተለኝ። የየት አገር ንጉሥ? ይህችን ጥያቄ ያዙልኝ፤ ዛሬ እስክንለያይ ድረስ ደጋግመን እንመለስባታለን።

(ዜማው ለአፍታ ከፍ ብሎ ይወርዳል።)

አድማጮቼ ሆይ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ጋር እጅግ የሚመሳሰል፣ በዕድሜ ግን ከክርስትና የሚቀድም አንድ የግሪኮች ተረት አለ። እነሆ ልንገራችሁ።

በጥንት ዘመን፣ ይላሉ ግሪኮች፣ በኢትዮጵያ ኬፌዎስ የሚባል ንጉሥ ነበረ። ሚስቱ ንግሥት ካሲዮፔያ በመልክ የምትመካ ነበረችና አንድ ቀን፣ «ከባሕር ደናግል ሁሉ እኔ እበልጣለሁ» ብላ ተናገረች። የባሕሩ አምላክ ፖሲዶን በዚህ ተቈጥቶ ምድሪቱን በማዕበል አጥለቀለቀ፤ ደግሞም ሕዝቡንና ከብቱን የሚውጥ አውሬ ከጥልቅ አወጣ። ንጉሡ ጨንቆት የአሞንን ጠንቋይ ቢያስጠይቅ፣ መዳኛው አንድ ብቻ እንደ ሆነና እርሱም አንድሮሜዳ የምትባለውን ልጁን ለአውሬው መስጠት እንደ ሆነ ተነገረው። የእናት አፍ ያመጣውን ዕዳ ልጅ ልትከፍል፣ በባሕሩ ዳር ካለ ዐለት ላይ በሰንሰለት ታሰረች።

ያን ጊዜ ፔርሴዎስ የሚባል ጐልማሳ፣ ጠጉሯ እባብ የሆነውንና ያያት ሁሉ ድንጋይ የሚሆንባትን የሜዱሳን ራስ ቈርጦ በከረጢት ይዞ፣ ክንፍ ባለው ጫማ በአየር ሲያልፍ ልጅቱን ከላይ አያት። ወረደ፤ ከአባቷም ጋር ቃል ተገባብቶ አውሬውን ገደለ፤ ሰንሰለቱንም ፈትቶ አገባት።

የየት አገር ንጉሥ ልጅ? የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፤ ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ «ለውጦች» በተባለው መጽሐፉ በአራተኛው ክፍል ታሪኩን ያኖረው በኢትዮጵያ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልገልጽ ባልፍ አድማጭን ማሳሳት ይሆንብኛል። የጥንት ግሪኮች «ኢትዮጵያ» ሲሉ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን፣ ፊቱን ፀሐይ ያጠቈረው ሕዝብ የሚኖርበትን ሰፊ አገር ሁሉ ማለታቸው ነበር እንጂ፣ ወሰኑ ዛሬ በካርታ እንደምናየው የተለየ አልነበረም። ሆኖም ስሙ ከእኛ የራቀ አይደለም፤ በአራተኛው መቶ ዓመት የአክሱም ንጉሥ ኢዛና ባስቀረጸው ድንጋይ፣ በእኛ ወገን ቋንቋ «ሐበሠት» የተባለው በግሪክኛው «ኢትዮጵያውያን» ተብሎ ተጽፎአል።

አንዳንዶች ደግሞ የአንድሮሜዳን ዐለት በኢዮጴ፣ ማለት ዛሬ ያፋ በምትባለው ወደብ ያኖሩታል፤ እስከ ዛሬም በያፋ ባሕር ዳር የአንድሮሜዳ ዐለት የሚባል አለ። ሮማዊው ፕሊኒዮስ እንደ ጻፈው፣ ስካውሩስ የተባለ ሹም የዚያ አውሬ አጥንት ነው ተብሎ 40 ጫማ የሚረዝም ዐፅም ከኢዮጴ ወደ ሮማ አስመጥቶ ለሕዝብ አሳይቶአል። የዓሣ አንበሪ ዐፅም ይሆናል ብዬ እገምታለሁ፤ ሮማውያን ግን አምነው አዩት።

(የባሕር ማዕበል ድምፅ፤ ለአጭር ጊዜ።)

አሁን ወደ ሥዕሎቹ እንግባ። ሬዲዮ ሥዕል አያሳይም፤ ስለዚህ ዐይናችሁን ጨፍናችሁ በጆሮአችሁ ተመልከቱልኝ።

የመጀመሪያው በበርሊን ቤተ መዘክር የሚገኝ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በስድስተኛው መቶ ዓመት በቆሮንቶስ የተሠራ የሸክላ እንስራ ነው። አውሬው ከዳር ራሱን ብቻ ብቅ አድርጎ አፉን ከፍቷል፤ ፔርሴዎስ በመካከል ቆሞአል፤ አንድሮሜዳ ከኋላው ናት። ጀግናው በምን ይዋጋል ብላችሁ ታስባላችሁ? በሰይፍ? በጦር? አይደለም፤ በድንጋይ ነው! በእግሩ ሥር ድንጋይ ተከምሮለት፣ እንደ እኛ አገር እረኛ ጅብ እንደሚያባርር፣ በሁለት እጁ ይወረውራል። ከዚህ በኋላ በመጡት በብዙዎቹ ሥዕሎች ወርቅና ሐር ይበዛል፤ እኔ ግን ይህን ድንጋይ ወርዋሪ እወደዋለሁ።

ሁለተኛው በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ያለ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ440 ገደማ በአቴና የተሠራ የውሃ እንስራ ነው። በዚህ ላይ አንድሮሜዳ ገና አልታሰረችም። ሁለት አገልጋዮች ከግራና ከቀኝ ደግፈዋታል፤ ሌሎቹም እርሷ የምትታሰርበትን እንጨት ለመትከል መሬቱን ይቈፍራሉ። አገልጋዮቹ ጠጉራቸው የተጠቀለለ፣ አፍንጫቸው ሰፋ ያለ፣ ሠዓሊው ኢትዮጵያውያን ናቸው ብሎ በግልጽ የለያቸው ናቸው። የንጉሡ ልጅ ግን የምሥራቅ ሰው ልብስ ለብሳ፣ ፊቷ የግሪክ ልጃገረድ ፊት ነው።

አስተዋላችሁን? ቈፋሪዎቹ ኢትዮጵያውያን፤ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ግን ግሪካዊት። ጸሐፊዎች ኢትዮጵያዊት ሲሏት ሠዓሊዎች አነጧት። ይህን ነገር ልብ በሉ፤ እንግዲህ ከ2000 ዓመት በላይ አይለቀንም።

ጥንታውያኑ ራሳቸው ነገሩ ሳይከነክናቸው አልቀረም። ኦቪድ በሌላ ግጥሙ አንድሮሜዳ በአገሯ መልክ ጠይም እንደ ነበረችና ፔርሴዎስ ግን እንደ ወደዳት ያነሣል። ፊሎስትራጦስ የተባለው የግሪክ ጸሐፊ ደግሞ አንድ ሥዕል ሲገልጽ፣ ልጅቱ በኢትዮጵያ ሳለች ነጭ መሆኗን እንደ አስደናቂ ውበት ቈጥሮ ያልፈዋል። በዚያው ሥዕል የኢትዮጵያ እረኞች ለደከመው ጀግና ወተትና የወይን ጠጅ ያቀርቡለታል፤ እንግዳ መቀበላችንስ ቢያንስ አልተዘነጋም።

(ክራር፤ አጭር።)

አሁን የምነግራችሁ ግን ከሁሉ የሚገርመኝ ነው። ሄሊዮዶሮስ የሚባል ደራሲ «ኢትዮጵያዊ ታሪክ» የተባለ ረጅም ልብ ወለድ በግሪክኛ ጽፎአል። በዚህ መጽሐፍ የኢትዮጵያ ነገሥታት፣ መናገሻቸው ሜሮዌ ስትሆን፣ ዘራቸውን ከፔርሴዎስና ከአንድሮሜዳ ይቈጥራሉ፤ ስለዚህም የእነርሱ ታሪክ በቤተ መንግሥቱ እልፍኝ ግድግዳ ላይ ተሥሎአል።

ንግሥት ፐርሲና በመኝታ ቤቷ ያለውን የአንድሮሜዳን ሥዕል እያየች ፀነሰች፤ በወለደችም ጊዜ ሕፃኗ ነጭ ሆነች። እናት፣ «ባሌ ምን ይለኛል? ሕዝቡስ ምን ይለኛል?» ብላ ፈርታ፣ እውነተኛውን ታሪክ በኢትዮጵያ ፊደል በመቀነት ላይ አስጠልፋ፣ ሕፃኗን ከነመቀነቱ ጣለቻት። ልጅቱ በባዕድ አገር አድጋ፣ ብዙ መከራ አልፋ፣ በመጨረሻ ምርኮኛ ሆና በገዛ አባቷ ፊት ለመሥዋዕት ቀረበች።

ንጉሡ፣ «እኔና ንግሥቲቱ ጥቁሮች ሳለን ይህች ነጭ እንዴት ልጃችን ትሆናለች?» አለ። ያን ጊዜ ሥዕሉ ከእልፍኙ ይምጣ ተባለ። ወርዶ መጣ። ከልጅቱ አጠገብ ቢያቆሙት፣ ሥዕሉና ልጅቱ ፍጹም አንድ ሆነው ተገኙ፤ ሕዝቡም በደስታ ጮኸ። በክንዷ ላይ ያለው ጥቁር ምልክትም ዘሯን አረጋገጠ። በዚያው ቀን በኢትዮጵያ ሰውን መሠዋት ተሻረ ይላል ደራሲው።

እስቲ አስቡት! በግሪክኛ የጻፈው ደራሲ በኢትዮጵያ ንጉሥ መኝታ ቤት ግድግዳ ላይ እንኳ የሚሰቅለው የነጭ አንድሮሜዳ ሥዕል ነው። የግሪክ ሠዓሊዎች ሲያነጧት ኖረዋልና ሌላ መልክ ሊመጣለት አልቻለም። መጽሐፉ ልብ ወለድ ነው፤ ነገር ግን ሥዕል የአንድን ሕፃን መልክ ሲለውጥ የሚያሳይ ልብ ወለድ፣ ሥዕል በብዙ ሰው አእምሮ ላይ የሚሠራውን ሥራ በትክክል ገልጾታል ብዬ አምናለሁ።

(ዜማ። ከፍ ይላል፤ ይወርዳል።)

ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ተሻግረን ወደ ኢጣልያ እንሂድ። በፍሎሬንስ የነበረው ፒዬሮ ዲ ኮሲሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1510ዎቹ አካባቢ በሣለው ሰሌዳ፣ ፔርሴዎስን አንድ ጊዜ በሰማይ ሲበር፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በአውሬው ጀርባ ላይ ቆሞ ሰይፉን ሲያነሣ፣ ሁለቱንም በአንድ ሥዕል ውስጥ አሳይቶአል። ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ አንድ ጻድቅ በአንድ ሰሌዳ ሦስት ጊዜ ቢታይ ማንም አይገረምም።

የቬኒሱ ቲሲያኖ ከ1554 እስከ 1556 ለእስፓንያው ንጉሥ ለዳግማዊ ፊሊጶስ በሣለው ሥዕል ደግሞ ጀግናው እንደ ጭልፊት ቍልቍል ተወርውሮ ይወርዳል፤ አንድሮሜዳ በግራ በኩል እርቃኗን፣ እጇ በሰንሰለት ወደ ላይ ተሰቅሎ ትታያለች። ይህ ለንጉሥ የተሣለ ሥዕል ኋላ በለንደን ከአንድ ሀብታም እጅ ገብቶ በመታጠቢያ ቤት ተሰቅሎ ነበር፤ ዛሬ በዋላስ ስብስብ ውስጥ በክብር ይታያል። የሥዕልም ዕድል እንደ ሰው ዕድል ነው።

ሠዓሊው ሩበንስም አንድሮሜዳን ሣላት፤ ነጭና ሙሉ ሰውነት ያላት ፍላንደራዊት አደረጋት። እ.ኤ.አ. በ1655 በፓሪስ በታተመው የሚሼል ደ ማሮል መጽሐፍ ግን ዲፔንቤክ የተባለው ሠዓሊ አንድሮሜዳን ጥቁር አድርጎ አቀረባት፤ ከስንት ዘመን በኋላ አንዱ ጽሑፉን አንብቦ ሣለ ማለት ነው። ብዙ ተከታይ አላገኘም።

ሬምብራንት ላይ ግን ትንሽ እንቆይ። በ1630 ገደማ በሣላት፣ ዛሬ በሄግ በምትገኘው ትንሽ ሰሌዳ ላይ ጀግና የለም፤ አውሬም የለም፤ ክንፍ ያለው ጫማም የለም። አንዲት ተራ ልጅ ሁለት እጇ ወደ ላይ ታስሮ፣ ከሥዕሉ ጠርዝ ውጭ ያለውን፣ እኛ የማናየውን አንድ ነገር ዞራ በፍርሃት ትመለከታለች። የሚመጣው አዳኙ ይሁን አውሬው አናውቅም። ሌሎቹ ሠዓሊዎች አብዛኞቹ የጀግናን ታሪክ ሣሉ፤ ሬምብራንት ግን የታሰረችውን ሣለ።

ጀግናን ሳይሥሉ ጀግንነትን ማሳየትስ ከእኛ ቀዬ የራቀ ነው? ከቡታጅራ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ፣ በሶዶ ምድር፣ ጢያ ላይ የቆሙትን ትክል ድንጋዮች አስታውሱ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት 36 ድንጋዮች ናቸው። በብዙዎቹ ላይ ሰይፍ ተቀርጾአል፤ የያዘው እጅ ግን የለም፤ ፊት የለም፤ ስም የለም። ሰይፉን ቍጠርና ዝም በል የሚሉ ይመስላሉ።

(ክራር፤ አጭር።)

አሁን ወደ ገበያው ልጅ እንመለስ። ዛፍ ላይ ያለችው ማን ናት?

እርሷ በእኛ አገር ብሩታዊት ትባላለች፤ የቤይሩት ንጉሥ ልጅ ማለት ነው። ሕዝቡ ለደራጎን ልጆቹን ሲገብር ኖሮ ዕጣው በንጉሡ ልጅ ላይ ወደቀ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስም ደርሶ አዳናት። ንጉሥ፣ የምትሰጥ ልጅ፣ አውሬ፣ ከሩቅ የመጣ አዳኝ፦ መመሳሰሉን አያችሁ? የሰማዕቱ መቃብር ያለባት ልዳም፣ የአንድሮሜዳ ዐለት አለባት ከምትባለው ከያፋ፣ ጧት የተነሣ እግረኛ ቀትር ላይ የሚደርስባት ናት። አንዱ ታሪክ ለሌላው መልኩን አውሶታልን በሚለው ነገር ሊቃውንት ይከራከራሉ፤ ክርክሩን ለእነርሱ ትተን እኛ ሥዕሉን እንይ።

የእኛ ሠዓሊ ብሩታዊትን እንዴት ሣላት? አላሰራትም፤ ዛፍ ላይ አወጣት። እርቃኗንም አላስቀራት፤ አለበሳት። ፊቷ ክብ፣ ዐይኗ ትልቅ፣ መልኳ የአገራችን ልጅ መልክ ነው። ከቤይሩት መሆኗን ስሟ እየተናገረ፣ ሥዕሉ ሐበሻ አድርጓታል።

ስለዚህ በግሪኮች ላይ ብቻ አንፍረድ! እነርሱ ኢትዮጵያዊቷን ግሪካዊት ቢያደርጉ፣ እኛም የቤይሩቷን የእኛ አድርገናታል። ልዩነቱ አንድ ነው፤ እኛ ቤይሩታውያንን መሬት ቈፋሪ አድርገን ከጎኗ አላቆምናቸውም።

ሰማዕቱንም ልብ ብላችሁ እዩት። ባዶ እግሩን ነው፤ እርካቡንም የሚይዘው በእግሩ አውራ ጣት ነው። በሮም ወይም በቀጰዶቅያ እንዲህ የሚጋልብ ወታደር አልነበረም፤ እንዲህ ይጋልብ የነበረው የእኛ አገር ፈረሰኛ ነው። ሠዓሊው በደጁ ሲያልፍ ያየውን እግር ሣለ። የቬኒስ ሰው ኒኮሎ ብራንካሌዮን በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን በኢትዮጵያ ሲሥል እንደ ነበረ ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ጽፎአል፤ ያም ሆኖ የፈረንጅ ጫማ በአውራ ጣታችን ቦታ ሊገባ አልቻለም።

(ዜማ። ዝግ ያለ።)

ከመለያየታችን በፊት የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ግሪኮች የአንድሮሜዳን ቤተሰብ በሙሉ በሰማይ ከዋክብት ላይ ሥለውታል፤ ይህን ሥዕል ለማየት መግቢያ አይከፈልም።

በኅዳር ማገባደጃ፣ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ግድም፣ ከእንሴኖ መብራት ወጣ ብላችሁ ፊታችሁን ወደ ሰሜን አድርጉ። አምስት ብሩህ ከዋክብት ንጉሡን «ሠ» ገልብጠው የጻፉት መስለው ታያላችሁ፤ እርሷ የተመካችው ካሲዮፔያ ናት። ለትዕቢቷ ቅጣት ከነዙፋኗ እንድትዘቀዘቅ ተፈርዶባታል ይላሉ። ከእርሷ በላይ ወደ ራሳችሁ አናት የተዘረጋችው አንድሮሜዳ ናት፤ ዐረቦች ደግሞ «አል መርአ አል ሙሰልሰላ»፣ ማለት በሰንሰለት የታሰረችው ሴት ይሏታል። አስ ሱፊ የተባለው የከዋክብት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ964 በጻፈው መጽሐፍ፣ በአጠገቧ ትንሽ ደመና የምትመስል ነገር እንዳለች መዝግቧል። ያቺ ደመና ሌላ የከዋክብት ዓለም ናት፤ ዛሬ የምናየው ብርሃኗ ከእርሷ የተነሣው ከ2.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው።

በስተቀኝ ያለው ፔርሴዎስ ነው። በእጁ የሜዱሳን ራስ ይዟል፤ ከዚያች ራስ ላይ ያለችውን ኮከብ ዐረቦች «ራስ አል ጉል»፣ የጭራቅ ራስ ብለዋታል። ሦስት ቀን ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው አንድ ጊዜ ትደበዝዝና መልሳ ትበራለች፤ ዐይኗን የምትጨፍንና የምትገልጥ ትመስላለች። ተከታትላችሁ ቍጠሩልኝ፤ ያገኛችሁትንም ጻፉልን።

አውሬውን ግን በዚያ በኩል አትፈልጉት። እነርሱን እያያችሁ በቆማችሁበት ሰዓት እርሱ በደቡብ፣ ከጀርባችሁ ነው።

(የመዝጊያ ዜማ።)